ኪራይ የሌላት ጳጉሜን

ጳጉሜን ሁለት ቀን ጠዋት አቶ ምናለ ጥላ ከያዘች ሴት ጋር ግቢያችን ገቡ። ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ከጉንደ ወይን ደብረ ማርቆስ ድረስ የሚመጡት ኪራይ ሊቀበሉ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን ግን ስለ ኪራይ አላነሱም። ሴትዮዋን ይዘው በቀጥታ ወደ ጓዳ አለፉ፤ ቤቱን ሊያሳዩአት ነበር።

ውላችን አምስት ዓመት እየከፈልን እንድንኖር ነው። አምስተኛው ዓመት ሳያልቅ ቀሪውን የቤቱን ዋጋ ካመጣን ቤቱ የእኛ ይሆናል፤ ካላመጣን እንወጣለን፣ የከፈልነውም ኪራይ ሆኖ ይቀራል። እናቴ ፋጢማ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ተስፋዋ እቁቡ ነበር፤ የመጨረሻዋ ባለዕጣ እሷ ስለሆነች ጳጉሜን አንድ እንደሚደርሳት ታውቃለች። ደረሳት፤ ትራሷ ሥር አድርጋው አደረች።

አቶ ምናለ ግን ዓመቱ ነሐሴ ሠላሳ አልቋል አሉ። ጳጉሜን ኪራይ የማይከፈልባት ስለሆነች ውሉም አይቆጥራትም። ይህን እያሉ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። እዚያ ወደፊት የምከፍተውን መስኮት በከሰል ስያለሁ። ክረምቱን ሙሉ በዚያ የሚገባውን ብርሃን ሳስብ ነው የከረምኩት።

«በማን ቤት ላይ ነው የምትስለው አንተ?»

እናቴ በፌስታል የጠቀለለችውን ገንዘብ አልጋው ላይ አኖረችና ድምፅዋን ሳታነሣ ጠየቀቻቸው።

«ጋሽ ምናለ፣ በአምስቱ ዓመት ጳጉሜን ገባች ብለው አስወጥተውን ያውቃሉ?»

«ውለታ ዋልኩላችሁ እንጂ።»

የጣሪያውን ፍሳሽ ስትመለከት የነበረችው ሴትዮ ሳቅ አመለጣት። ወይዘሮ የብርጓል ትባላለች።

«እኔም ተከራይ ነኝ። ዕቃዬን ነሐሴ ሠላሳ አውጥቼ ለእንቁጣጣሽ መልሼ አስገብቼ አላውቅም» አለች። «ለእኔም እንዲህ ሊቆጥሩልኝ ከሆነ ይቅርብኝ።»

ጥላዋን ዘርግታ ወጣች። አቶ ምናለ ገንዘቡ ሙሉ መሆኑን ጠየቁ። ነገ እንፈራረም አሉ። እናቴ ዛሬ ካልሆነ አልሰጥም ብላ ፌስታሉን ጉያዋ ከተተች። ሁለቱም ሊፈራረሙ በባጃጅ ሄዱ።

እኔ ቀረሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሐሳባቸውን ቢለውጡስ? መንገድ ላይ ቢወርዱስ? መስኮቱን በእርጥብ ጨርቅ ላጠፋው ተነሣሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

በመጨረሻ አንዱ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ ብቻዋን ገባች፤ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነው። ከአልጋው ሥር ዶማውን ጎትታ አወጣችና አቀበለችኝ።

«ቀስ እያልክ ታዲያ» አለችኝ፣ «ጣሪያችንን እንዳታወርድብን።»