የስሙኒ ክፍተት

ኃይለመስቀል መፍቻ ከማንሳቱ በፊት የሞተር ሳይክሉን የፍሪሲዮን እጀታ በሁለት ጣቱ ሳብ አደረገ። እጀታው ገና ከመነሻው ከበደው። ከኪሱ ስሙኒ አወጣና በእጀታውና በመያዣው መካከል ሊያስገባት ሞከረ። አልገባችም። ገልብጦም ሞከረ፤ ሳንቲም ስለገለበጡት የሚቀጥን ይመስል።

"ምን አገኘህ?" አለው አሰግድ ከኋላው።

"ገና ነኝ፣ ጓድ። መክፈት አለብኝ።"

አግኝቶ ነበር። አሰላ ውስጥ ሞተር ሳይክል ሲጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለደንበኞቹ ሁሉ ሳይታክት የሚናገረው አንድ ነገር ቢኖር ስለዚህች ስሙኒ ነው። እጀታው ገና ሲነካ ስሙኒ የምታስገባ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ከሌለው ከእጀታው ወደ ፍሪሲዮኑ የሚወርደው ካቦ ሁልጊዜ ተወጥሮ ይቀራል፤ በውስጥ ያሉት ዲስኮች እርስ በርስ በደንብ አይጨበጡም። ሜዳ ላይ ማንም አያውቀውም። ዳገት ሲመጣ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም፣ ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ።

ይህን ካቦ ያጠበቀው ደግሞ ራሱ ኃይለመስቀል ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ እሁድ ቀን።

አሰግድ ካድሬ ነው፤ ቢበዛ ሃያ ስድስት ዓመቱ። ኃይለመስቀል ሃምሳ ሁለት ሞልቶታል። ይሁንና "አንተ" የሚለው ወጣቱ ነው፣ "እርስዎ" የሚለው ሽማግሌው። በዚያ ዘመን ይህ የሚያስገርመው ሰው አልነበረም፤ ኃይለመስቀልን ግን በየቀኑ ያንገበግበው ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርህ፣ ጓድ ኃይለመስቀል" አለ አሰግድ ሞተር ሳይክሉን በጫማው ጫፍ እየነካ። "ይህ ንብረት ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነው። አርጅቶ ነው ብትለኝ አልቀበልህም። የወዳጅ ሶሻሊስት አገር ዕርዳታ ነው፤ ችግሩ ከፋብሪካው ነው ብለህም እንዳትጽፍ። ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝብሃል።"

"ታዲያ ምን ቀረ?"

"የሰው እጅ ቀረ።" አሰግድ ሲጋራውን ለኮሰ። "ሞተሩ መንገድ ላይ ስለቆመ ክትባቱ በረዶው ቀልጦበት ተበላሸ። ሠላሳ አራት ከብት በአባ ሰንጋ አለቀ። ገበሬውን መንደር ካሰባሰብነው ዓመት እንኳ አልሞላም። አሁን ምን ይላል መሰለህ? 'ከብቶቻችን ያለቁት አንድ ላይ ስላጎራችሁን ነው' ይላል። ኮሚቴው የሚፈልገው አንድ ገጽ ነው። አሽከርካሪው ቱሳ ሞተሩን ሆን ብሎ ነው ያበላሸው ወይስ በአነዳዱ? ስድስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ከናዝሬት ኢንጂነር መጥቶ የጻፍከውን ያያል።"

በሩ ጋ ሲደርስ የረሳውን እንዳስታወሰ ሰው ዞር አለ።

"ልጅህ ግዛቸው አቦምሳ አክስቱ ጋ ነው አሉ?"

"አሞት ነው፣ ጓድ። ሳንባውን።"

"ይሻለው። ለብሔራዊ ውትድርናው ምዝገባ እንኳ ይደርሳል።"

የአሰግድ ላንድሮቨር ከሄደ በኋላ ኃይለመስቀል ዘይቱን ወደ ቆርቆሮ ገንዳ አንጠፈጠፈ፣ ክዳኑን ፈታ፣ ዲስኮቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ጋዜጣ ላይ ደረደራቸው። እሳት ላይ ተረስቶ እንዳረረ ቆሎ ይሸታሉ። የአንዳንዶቹ ልባስ ተልጦ አልቋል፤ ብረቶቹ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆነዋል። ቱሳ ከሁሩታ በላይ ያለውን ዳገት ሲወጣ፣ የበረዶ ሣጥኑን ከኋላው አስሮ፣ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው እንቢ ሲለው ታየው። ወርዶ እየገፋ ግማሽ ቀን ተጉዟል ተብሏል።

ያን እሁድ ኃይለመስቀል የክት ልብሱን ለብሶ ወደ ቀበሌ ስብሰባ ሊወጣ ሲል ነበር ቱሳ የመጣው። ቱሳ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው፤ ነገረኛ ያልሆነ፣ ሰው የማያስቸግር። "ማርሹ ሲገባ ይንጫጫብኛል፣ ኦቦ። እጀታውም ላልቷል" አለው። ቀበሌው በር ላይ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ለስብሰባው እየተደወለ ነበር። ስም ሲጠራ ያልተገኘ ሰው ስኳርና ሳሙና መከልከሉ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረውም። ግን ለምን ቀረህ ብለው ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ቤት ከመጡ ደግሞ ልጁ የት ሄደ ይላሉ። ኃይለመስቀል ቆሞ የካቦውን ማሰሪያ ዳዶ ላላ አደረገ፣ ካቦውን ሳበ፣ ጩኸቱ እስኪጠፋ አጠበቀው። ስሙኒዋ የሥራ ሱሪው ኪስ ውስጥ ነበረች።

"ነገ አምጣውና እለካዋለሁ" አለና ወደ ስብሰባው ሮጠ። በማግስቱ ቱሳን ገጠር ላኩት። ስብሰባው ላይ ምን እንደተባለ ዛሬ ኃይለመስቀል አንዲት ቃል አያስታውስም።

"ኦቦ ኃይለመስቀል፣ እንዴት አደሩ?"

ቀና ሲል የቱሳ ሚስት ፋጡ በሩ ላይ ቆማለች። ባሏ ከታሰረ አምስተኛ ቀኑ ነው። በነጠላዋ የጠቀለለችውን ምሳ ዕቃ ይዛለች።

"ደህና ነኝ፣ ፋጡ። ግቢ። አገናኙሽ?"

"ትናንት ትንሽ አገናኙኝ። ፊቱ አብጧል፣ ያ ረቢ! አንዱ ዓይኑ አይታይም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "'ሞተሩን መጨረሻ የነካው ማነው' እያሉ ነው የሚመቱት። 'ማንም አልነካውም፣ እኔ ብቻ ነኝ' ይላቸዋል።"

ኃይለመስቀል በእጁ የያዘውን ዲስክ አስቀመጠ። "ለምን እንዲህ አለ?"

"እኔም ጠየቅሁት። 'የሰው ስም ከጠራሁ ቤቱ ይገባሉ' አለኝ። 'ኦቦ ኃይለመስቀል የሚያድነው ልጅ አለው። እኔ ዝም ብል እሱ ራሱ እውነቱን ያወጣልኛል' አለ።" አየችው። "እውነቱ ምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። እርስዎ ያውቁታል?"

"ገና እያየሁት ነው።"

"ወላሂ፣ ሞተሩ እርስዎ ጋ መጣ ሲሉኝ ነው ትናንት እንቅልፍ የወሰደኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እፈራ ነበር።" ነጠላዋን አስተካከለች። "እዚህ ደጅ ብቀመጥ ይከለክሉኛል? ወረቀቱን ሲሰጧቸው ማየት እፈልጋለሁ።"

"ተቀመጪ" አላት። ሂጂ ማለት ነበረበት፤ አላለም።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ኃይለመስቀል እጁን በላምባ ታጠበና ወረቀት አወጣ። መጀመሪያ በልቡ ጻፈው። "ካቦውን ያለ ክፍተት ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ ዲስኮቹ የተቃጠሉት በእኔ ጥፋት ነው።" ሁለት መስመር ናት፤ አንዲት የውሸት ቃል የለባትም። ይህን ቢጽፍ ቱሳ ዛሬ ይፈታል። አሻጥረኛው እሱ ይሆናል፣ ቤቱ ይፈተሻል፣ ግዛቸውን ለውትድርና የሚይዝ ሰው አቦምሳ ይላካል። የጎረቤቱ የወይንሸት ልጅ ባለፈው ዓመት ለውትድርና ሄዶ ደብዳቤው እንኳ አልመጣም። ኃይለመስቀል ፈራ። ለፍርሃቱም ሌላ ስም ሊሰጠው አልሞከረም።

ከዚያ በእጁ ጻፈ። "አሽከርካሪው የፍሪሲዮኑን እጀታ እንደያዘ ረጅም ዳገት በመንዳቱ ዲስኮቹ ተቃጥለዋል። ይህም የአነዳድ ጉድለት ነው።" አሻጥር አላለም። አሻጥር ቢል ቱሳ ላይመለስ ይችላል፤ ጉድለት ከሆነ ሁለት ዓመት፣ ቢከፋ ሦስት። በዚህ አዳንኩት ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ ትንሽም ቢሆን ሠራለት።

ግን ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። ኢንጂነሩ ሞያውን የሚያውቅ ሰው ከሆነ እሱም መጀመሪያ የሚነካው እጀታውን ነው። ክፍተት እንደሌለው ያያል፣ ካቦውን ማን አጠበቀው ይላል፣ ቱሳም ስንት ቀን እየተመታ ዝም ሊል ይችላል?

ኃይለመስቀል ተነሥቶ ዲስኮቹን ወደ ቦታቸው መለሰ፣ ክዳኑን ገጠመና መፍቻውን አነሣ። ዳዶውን ላላ አደረገ። ካቦውን አንድ ዙር መለሰው፣ ሞከረው፣ ግማሽ ዙር ጨመረ። ያን እሁድ ይህን ያህል ደቂቃ ቢታገስ ኖሮ ዛሬ ማንም አይታሰርም ነበር። ዳዶውን መልሶ አጠበቀና ስሙኒዋን ከኪሱ አወጣ።

ፋጡ ከደረጃው ላይ አየችውና ፊቷ በራ።

"እሷ ናት ስሙኒዋ? ቱሳ ሁልጊዜ ይነግረኛል። 'ስሙኒዋ ከገባች ምንም ችግር የለም' ይላል።" ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "ገባች?"

ሳንቲሟ በእጀታውና በመያዣው መካከል ሳትነካካ አለፈች።

"ገባች" አላት።

ፋጡ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ በኦሮምኛ ምርቃት ጀመረች፤ ለእሱ፣ ለአሰፋች ለሚስቱ፣ ለግዛቸውም ስሙን ጠርታ። የላንድሮቨሩ ድምፅ ከታች በኩል ተሰማ። ኃይለመስቀል ምርቃቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ስሙኒዋን ኪሱ ከተተና ወረቀቱ ግርጌ ላይ ፈረመ።