የዕጩው ነጭ ጋቢ

ትዕዛዙ የሚባለውን ሰው ሳየው ያቅለሸልሸኝ ነበር። የቀበሌ ሊቀመንበር ሳለ ከስብሰባ ለቀረ ሰው ማዳበሪያ ሲከለክል ኖሮ፣ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ዕጩ ሆነና መሐል ሜዳ ከተማ ሻይ ቤት ውስጥ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ።

«አንተ የእንግሊዝኛ መምህር» አለኝ፣ «ፈረንጆቹ ዕጩን ካንዲዴት የሚሉት ምን ማለታቸው ነው?»

እኔም ማወቄን ማሳየት ደስ ስለሚለኝ ጀመርኩ። ቃሉ ከላቲኑ «ካንዲዳቱስ» እንደመጣ፣ ትርጉሙም ነጭ የለበሰ እንደሆነ፣ ሮማውያን ሹመት ሲፈልጉ ልብሳቸውን በጠመኔ አንጥተው አደባባይ ለአደባባይ ይዞሩ እንደነበር ነገርኩት። «ቆሻሻው እንዳይታይ ይሆናላ» ብዬም ወጋ አደረግኩት። አልገባውም። ደስ ብሎት ሻዬን ከፈለልኝ።

መንዝ ብርድ ነው፤ ሰዉ የሚደርበው ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ነው። በእኛ መንደር በቀየት አዲስ ነጭ ጋቢ የነበራት እናቴ ደብሪቱ ብቻ ነበረች። ጥጡን ከቆላ አስመጥታ፣ ሁለት ክረምት ፈትላ፣ ለመግነዟ ብላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ልቧ ይደክማት ስለነበር በየሳምንቱ አውጥታ ታየው ነበር።

እሑድ ትዕዛዙ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ቤታችን መጣ።

«እማማ ደብሪቱ፣ ጋቢዎን ለአንድ ቀን ያውሱኝ። ሕዝብ ፊት በነጭ ልቆም ነው። የፈረንጅ ሹማምንትም እንደዚሁ ያደርጋሉ አሉ።»

«የመቃብሬ ልብስ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«አይበላሽም። ማዳበሪያውም በጊዜው ይደርስዎታል።»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። አንድ ቃል ብተነፍስ እምቢ ትለው ነበር። እኔ በእነ ትዕዛዙ እጅ ያለው የደረጃ ዕድገቴ ትዝ አለኝና መሬት መሬቱን አየሁ።

በገበያው ቀን አጨበጨብኩለት። ከንግግሩ በኋላ ምግብ ቤት ውስጥ ጥሬ ሥጋ ቀረበ። ትዕዛዙ ጮማው በአገጩ እየወረደ በጋቢው ጫፍ አፉን ጠረገ፤ እጁን ጠረገ፤ ቆይቶም ተናፈጠበት። ወጥቼ ከምግብ ቤቱ ጀርባ አስመለስኩ። ከዚያ አፌን ተጉመጥምጬ ተመለስኩና ከጎኑ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ከእሱ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩት።

ጋቢው ሲመለስ እናቴ በእንዶድ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ቅባቱ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ጭኗ ላይ ዘርግታ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

«ይህን በነጭ መቆም የሚሉትን ነገር ትዕዛዙ ከራሱ አላመጣውም» አለች። «የነገረው አለ። ማን ይሆን?»

«እንጃ፣ እማዬ።»

ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ማንም ይሁን ማን፣ ሲሞት የሚገንዘው ይጣ!»

ጋቢውን ከጭኗ አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ።

«አሜን በል እንጂ!» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ።