በቀለበቱ ልክ

«ያንን ቆርቆሮ ግን ዛሬውኑ እናስነሳው» አለ አጎቷ፣ በሻይ ብርጭቆው ግቢው መሀል ወደቆመው አሮጌ ጂፕ እያመለከተ። «ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ጠፋ እኮ!»

«ቆርቆሮ አይደለም» አለች የሟቹ ልጅ።

«ሞተሩ የማይሠራ መኪና ታዲያ ምን ይባላል?»

አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለቅሶ ቤት የሚገርም ቦታ ነው፤ ብሎንን ከሚስማር ለይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ተነስቶ የሟቹን ዕቃ የሚጠቅምና የማይጠቅም ብሎ ይከፍላል። አጎቷ በዕድሜው የጠገነው ነገር ቢኖር የገዛ ስሙን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ቶሎ ይበላሽበታል።

ጎረቤታቸው አጠገቧ ተጠግታ እጇን ያዘች። «መቼም ከአባትሽ ጋር ታርቃችሁ ነበር አይደል፣ የኔ ልጅ?» አለች በሹክሹክታ።

«ሻይ ላምጣልዎት» ብላ ተነሳች። ሻዩን ግን አላመጣችም። ቀጥ ብላ በጓሮ በኩል ወደ አባቷ ጋራዥ ገባች።

አልታረቁም። ስምንት ወር ሙሉ።

አባቷ ጂፑን ስድስት ዓመት ሙሉ ብሎን በብሎን ፈትቶ አድሶታል። የቀረው ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ብቻ ነበር። ነዳጅ ሲረገጥ የሚዞረው ቀጭን ዘንግ አርባ ዓመት ሲዞር ማቀፊያ ቀዳዳውን በልቶ አስፍቶታል፤ በዚያ በኩል አየር ይሰርቅና ሞተሩ አስሎ ይጠፋል። እሷ ፋብሪካ ውስጥ ብረት የምትቀርጽ የቶርኖ ባለሙያ ናት። አዲስ እንግዛ አለችው። «አዲስ የሚገዛ መጠገን ያቃተው ነው» አላት። እሺ ብላ ሁለት የነሐስ ቀለበት ቀርጻ አመጣችለት፤ አብረው የሰፋው ቀዳዳ ውስጥ ተከሏቸው።

አባቷ አሮጌውን ዘንግ መልሶ አስገባ። ከዚያ እንደ ልማዱ ሲጋራ ለኮሰ። ፍተሻው ይሄ ነበር፦ ካርቡሬተሩን ደፍኖ ጢስ ይነፋበታል፤ ከሾለከ አየር ያስገባል ማለት ነው። በዘንጉ ግራና ቀኝ ጢሱ ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«ይሄ ነው ልክሽ፣ መሐንዲሷ? ፋብሪካው ያስተማረሽ ይሄን ነው?»

«ቀለበቱ ልክ ነው አባባ። ያለቀው ዘንጉ ነው።»

«ዘንጉን ለኔ ተይው! እጅሽ ልክ አያውቅም።»

ለቶርኖ ሠራተኛ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ይደውላል ብላ ጠበቀች። የተደወለው ባለፈው ሰኞ ነው፤ የደወለውም አጎቷ ነበር።

ካርቡሬተሩ ጠረጴዛው ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኗል። ስትገልጠው መጀመሪያ ያየችው ቀለበቶቿን ነው። ይነቅላቸዋል ብላ ነበር፤ አልነቀላቸውም። አጠገቡ የዱቄት ወተት ጣሳ አለ። አነሳችው፤ ከበዳት። ገለበጠችው።

አባቷ ራሱ የቀረጻቸው ዘንጎች ናቸው። አሥራ አንድ።

የመጀመሪያው ጠማማ ነው። ሁለተኛው ከልክ በላይ ቀጥኗል። ሦስተኛው ላይ መቁረጫው ዘሎ ቦርቡሮታል፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ እንዲህ ይሆናል። የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው መቼ ነው? አታውቅም። ጠረጴዛው እንጨት ላይ በእርሳስ ጽፏል፦ «የሷ ቀለበት 8.00። ልክ ነው።» ከሥሩ የየዘንጉ ልክ፣ አሥራ አንድ ቁጥሮች፤ አሥሩ ተሰርዘዋል።

«አንድ ስልክ!» ብላ ጮኸች፣ ጠረጴዛው ላይ የታሰረው ብረት መቆንጠጫ ሞርሳ ሰው ይመስል። «አንድ ስልክ አባባ! በግማሽ ቀን እሠራልህ አልነበር?»

ሞርሳው ምን ይበላት? እሷስ ደውላለች እንዴ? ሁለት ግትር ሰዎች በአንድ ከተማ ውስጥ የየራሳቸውን ስልክ ሲያዩ ከረሙ።

አጎቷ ጩኸቱን ሰምቶ በሩ ላይ ቆመ። «ብረት የሚሰበስበውን ሰውዬ አናግሬዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ጎትቶ...»

«አይመጣም ጋሼ።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ የተበተኑትን ዘንጎች አየ፤ የወንድሙን የእርሳስ ጽሑፍ አነበበ። የበሩን እጀታ ያዘ።

«በሩን ልዝጋልሽ?»

«ዝጋልኝ።»

ቁጥሩ ያልተሰረዘውን አሥራ አንደኛ ዘንግ ለካችው። ወፍሯል፤ ግን ከፀጉር ባነሰ። ዘይት የነካ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላበት በቀስታ አሸችው። ለካች፤ ደግማ አሸች። በሦስተኛው ዙር ዘንጉ በቀለበቶቿ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። በጣቷ አዞረችው። ዞረ። ወደ ጎን ወዘወዘችው። ንቅንቅ አላለም።

መደርደሪያው ላይ የአባቷ ፓኮ አለ፤ ሦስት ሲጋራ ቀርቶታል። በሕይወቷ አጭሳ አታውቅም። ትናንሾቹን ቀዳዳዎች በጨርቅ ወተፈች፤ ለኮሰች፤ አሳላት፤ እንባዋ መጣ። በግራ መዳፏ የካርቡሬተሩን ታች ደፈነች፤ ጢሱን ከላይ ነፍታ በቀኟ ከደነችው።

የዘንጉን ሁለት ጫፎች አየች። ግራውን። ቀኙን። ምንም አልወጣም።

ውጭ ወንበር ይነሳል፤ ሰዎች ይሰናበታሉ፤ አንዷ «ልጅቷስ?» ስትል ይሰማል። እሷ መዳፏን አላነሳችም።