ደቦ ለኦፋ ገመድ

ኦፋ ሮተርዳም ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። አገሯ ቶንጋ ነው፤ እንግዲህ ከባሕር መሀል ያለ ደሴት። አያቶቿ ቤቱንም ጀልባውንም ያለ ምስማር፣ በኮኮናት ቃጫ ገመድ እያሰሩ ነበር የሚሠሩት። ናይለን ሲመጣ ሙያው ተረሳ። እሷ ሠዓሊ ናትና እንደገና ላንሣው ብላ፣ ዴን ሃግ ከተማ ላለ ኤግዚቢሽን ትልልቅ ምሰሶዎችን በዚያ ገመድ ልታስር ተነሣች። ቃጫውን መዘፍዘፍ፣ መውቀጥ፣ ጭን ላይ አክርሮ በሦስት መጎንጎን፤ ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው! ጣቶቿ ተልጠው በሬን ስታንኳኳ አንጀቴን በላችው።

እኛ ወሎዬዎች ጎረቤት ብቻውን ሲለፋ ቁጭ ብለን ማየት አይሆንልንም። ደቦ ጠራሁ። የሰፈሩ ሐበሻ ሴቶች መጡ፤ አምስተርዳም አጠገብ ካለችው ከዲመን ድረስ እትዬ የትነበርሽ መጡ። ክረምቱን ሙሉ ሳሎኔ በቃጫ ብናኝ ታፈነ፤ ባሌ ጀማል ሻዩ ውስጥ ሳይቀር ቃጫ አገኘሁ እያለ ሲነጫነጭ ከረመ። ኦፋ ልክፈላችሁ ብትለን ተቆጣን። የደቦ ዋጋው ምሳ ነው፣ ሌላ ምን አለው?

እትዬ የትነበርሽ ብቻ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ስሜ ኤግዚቢሽኑ ግድግዳ ላይ ይጻፍልኝ። አገሬ ስንት ሌማት ሰፋሁ፤ የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

ተረጎምኩላት። ኦፋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የሁላችሁንም ስም አጽፋለሁ አለች።

የመክፈቻው ቀን በባቡር ሄድን። ምሰሶዎቹን ሳይ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ። ሥራው የኦፋ ነው ይላል፤ ገመዱ ደግሞ የተጎነጎነው ለተጎዱ ስደተኛ ሴቶች በተዘጋጀ ዳኽቤስቴዲንግ፣ ማለት በታማሚዎች የቀን መዋያ ነው ይላል። የማንም ስም የለም። ዳኽቤስቴዲንግን ለኔ ነው የሚነግሩኝ? በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አእምሯቸው የደከመ ሽማግሌዎችን በየጠዋቱ የምወስደው እዚያ አይደል፣ ኳስ እንዲቀባበሉ!

ኦፋን ጥግ ይዤ አፋጠጥኳት። ዓይኔን ማየት አቃታት። አዘጋጆቹ ሳይከፈለው የሚሠራ ሰው ወይ ተበዝብዟል ወይ ታማሚ ነው አሏት። ደቦ የሚባል ነገር አያውቁም። የታማሚ ስም ደግሞ አይለጠፍም፣ ክልክል ነው።

«ታዲያ እሺ አልሽ?»

«እምቢ ካልኩ አይከፈትም አሉኝ» አለች። «የአያቶቼ ሙያ ነው፣ ሂዳያ። ሌላ ዕድል የለኝም።»

የአያቶቿ ሙያ! የእኛስ እጅ? ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ልገነጥለው ስዞር እትዬ የትነበርሽ ሥሩ ቆመዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው ፎቶ እየተነሡ ነው።

«ሂዳያ፣ እስቲ አንብቢልኝ» አሉ።

ወረቀቱን እያየሁ የሴቶቹን ስም ተራ በተራ ጠራሁ። የእሳቸውን መጀመሪያ አደረግኩት።

«የአባቴንስ ስም አልዘለሉም?»

«አልዘለሉም፣ እትዬ።»

ፊታቸው በራ። «በይ ያቺን ልጅ ጥሪልኝ፣ ልመርቃት» አሉኝ።

ኦፋ መጥታ አንገቷን ደፋች። ምርቃቱን አንድም ሳላስቀር በኔደርላንድስ ቋንቋ ተረጎምኩላት።