በሩን ያዞረው ግንበኛ

ግንበኛው ሁለት መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ያለውን ቤት መግዛቱን ሲነግራት ሚስቱ ደሟ ፈላ። ቤት ፍለጋ ከተማውን ያዳረሱት ልጃቸውን ደህና ትምህርት ቤት ለማስገባት ነበር። የተማሪ መዝጋቢዋም «ልጅ የሚመደበው የቤቱ በር ወደ የትኛው መንገድ እንደሚከፈት ታይቶ ነው» ብላ ቁርጡን ነግራቸዋለች። የዚህ ቤት በር የሚከፈትበት መንገድ ደግሞ የተመደበው ወላጅ ሁሉ ለሚሸሸው ትምህርት ቤት ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህን ምን ደፈነው?»

«ሰምቻለሁ። በር ነው ያለችው» አለና መዶሻውን አነሳ።

በሳምንቱ መዝጋቢዋ ልታጣራ መጣች። አሮጌው በር በጡብ ተደፍኗል፤ አዲሱ በጎን በኩል፣ ወደ ደህናው ትምህርት ቤት መንገድ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ገና ያልደረቀው የበሩ ቀለም እጇን ነካት። መመሪያዋን ሦስቴ አገላብጣ የልጅቷን ስም ጻፈች።

ሳምንቱን ሙሉ ባሏን ስታብጠለጥል የከረመችው ሚስት ልትሸኛት ተነሳች።

«በዚህ በኩል፣ እህቴ» አለቻት። «በዚያ በኩል ግድግዳ ነው።»