ጽናት «አላውቅም» ያለች ዕለት

«ሐኪም ቤት ከሕፃናቱ ወደ አዋቂዎቹ ክፍል ያሻገሯት ዕለት፣ ጽናትን ለልጅህ እሰጣለሁ።»

ወይዘሮ ተሾመች ለመንደራቸው ሰው ለጌጡ ይህን ቃል ከገቡ ወዲህ አንገታቸው ቀና ብሏል። የስኳር በሽተኛ የልጅ ልጃቸውን ማን ያገባታል ይል የነበረ ጎረቤት ሁሉ አፉን ይያዝ! ልጅቷ እንደሁ መርፌዋን ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ራሷ ትወጋለች፤ ፊታቸውን የሚያዞሩት እሳቸው ናቸው።

መሐል ሜዳ ከተማ ሐኪም ቤት ወርደው ተራ ደረሳቸው። ሲስተር አመተሥላሴ ልጅቷን ፊት ለፊቷ አስቀመጠች።

«እማማ፣ ወደ አዋቂዎቹ ክፍል እንድትሻገር ዛሬ የምትመልሰው እሷ ናት። እርስዎ ዝም ይላሉ።»

«እኔን ዝም ያሰኘኝ ቄስም የለ። ይሁን እስቲ።»

«ጽናት፣ ስኳርሽ ሲወርድ በምን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«መድኃኒቱንስ የት ታስቀምጫለሽ?»

«እንጃ። እምዬ ናት የምታውቀው።»

ወይዘሮ ተሾመች ደማቸው ፈላ። ገና ላብ ላብ ሲላት ቀድማ ስኳር የምትልስ ልጅ! ጎንበስ ብለው አዩዋት። ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ያኔ ገባቸው፤ ከጌጡ ልጅ እየሸሸች ነው።

«ገና ናት፤ ለከርሞ እናቆያት» አለች ሲስተሯ። «እማማ፣ ቤት የሚወጓት እርስዎ ነዎት?»

አዎ ቢሉ ያልቅ ነበር። ግን የጌጡ ሚስት ስታሽሟጥጥ ታየቻቸው፤ የቀበሌው የአንድ ለአምስት ቡድን ሴቶች ሲንሾካሾኩ ተሰማቸው።

«ውሸቷን ነው! እንኳን ራሷን አገር ታክማለች! መርፌ ስጪያትና እዪ!»

ሲስተሯ ባዶ መርፌና ውሃ ሰጠቻት። ጽናት አያቷን አንዴ አየቻቸው። ከዚያ ቀዳች፣ አየሩን አስወጣች፣ የምትወጋበትን አሳየች፤ የተጠየቀችውንም ሁሉ እንደ ዳዊት ደገመችው።

«ጎበዝ! አልፈሻል» አለች ሲስተሯ፣ ደስ ብሏት።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ የጓሳን ደጋ ሲያቋርጡ ነፋሱ ብቻ ይጮኻል።

«ትዳር እኮ ነው፤ ገደል መሰለሽ? አፍሽ ተሰፋ?» አሏት።

«አንቺ ተናግረሽልኝ የለም ወይ፣ እምዬ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማቸው ሄደች።

በሳምንቱ የጌጡ ሽማግሎች መጡ። ጽናት ጓዳ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። «አልሰጥም» የሚለው ቃል ከወይዘሮ ተሾመች ጥርስ ላይ ደርሶ ነበር። ጎረቤቱ ግን ደጃፉን ሞልቶ ጆሮውን ቀስሯል። ዋጡት።

«ልጄ ደርሳለች» አሉ።