ቢላ የተደበቀባቸው እማማ ሎክ

እማማ ሎክ ሲበግኑ አድረው ጎህ ሲቀድ ማድቤት ገቡ። መሳቢያው ባዶ ነው። ልጃቸው ኻይ ቢላ የተባለውን ሁሉ፣ ትንሿን የሽንኩርት መክተፊያ ሳያስቀር፣ ለቃቅሞ መኪናው ውስጥ ቆልፎባቸዋል። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ትናንት እራት ላይም ፍርዱን አሰምቷል፦ "እማዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን መኖር አትችዪም። ነገ ቁርስ በልተን ሃኖይ ይዘንሽ እንሄዳለን።" ሃኖይ ማለት ዐሥረኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ማየት ነው። አልሄድም ቢሉ የሰማቸው የለም።

"ደግ!" አሉ ለባዶው መሳቢያ። "ቁርስ በልተን አላልክም? ትበላታለህ።"

ልጁ ከተማ ከርሞ የረሳው ነገር አለ። በተወለደበት በንጌ አን ገጠር ከሩዝ ማሳ ጭቃ የሚወጣውን እባብ መሰል ዓሣ ብረት የሚያስነካ ባለሙያ የለም፤ ይከረፋል። የሚቀደደው በቀርከሃ ስንጣሪ ነው፤ ስንጣሪው ደግሞ ከቢላ ይብሳል። እማማ ሎክ ከምድጃው በላይ የተሰካውን ስንጣሪ መዘው ከማታ ጀምሮ ባልዲ ውስጥ የሚጥመለመሉትን ዓሦች በጨው እያሹ ልጋጋቸውን አስለቀቁ።

የመጀመሪያውን ሊቀድዱ ሲሉ ቀኝ እጃቸው ከዳቸው። ስንጣሪው አዳልጦ የግራ ጣታቸውን ጫረው። ያኔ ፈሩ። ልጄ እውነቱን ቢሆንስ?

"እማማ! ደም!" በሩ ላይ ምራታቸው ንጋ ቆማለች።

"የዓሣው ነው" አሉ። የዓሣው አልነበረም።

"ኻይን ልቀስቅሰው?"

"ቀስቅሺውና ጦማችሁን ሂዱ። አለዚያ ጭንቅላቱን ያዢልኝ።"

"የማንን?"

"የዓሣውን ነዋ! የባልሽንማ እኔ ወልጄውም አልቻልኩት።"

ንጋ ሳቋ አመለጣት። እንዳያዳልጣት እጇን ዐመድ አስነክታ ዓሣውን አንገቱ ላይ ጨመቀችው። እማማ ሎክ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ስንጣሪውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ግራው እንደ ጀማሪ ይዘገያል እንጂ አይንቀጠቀጥም። ከአንገት እስከ ጭራ ሰነጠቁት፤ አከርካሪው ወጣ፤ ሥጋውን ውሃ ሳያስነኩ በጨርቅ ጠረጉት።

"ደግሞ ፊትሽን እዪው፣ ወረቀት መስለሻል" አሉ በመሃል። "እኔን ታማለች ትላላችሁ! ይሄ ዓሣ ደም ይተካል፣ ጉልበት ይሰጣል። አንቺ ደርበሽ ብዪ።"

አጥንቱ ተወቅጦ ለመረቅ ተጣደ። ሥጋው ከእርድና ከቀይ ሽንኩርት ጋር ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ ሽታው ግቢውን ሞላው። ክር የመሰለው ኑድል መረቅ ጠጥቶ ለሰለሰ።

ኻይ ዓይኑን እያሸ መጣ። "እማዬ! በምን ቀደድሽው?"

"በምን ይመስልሃል? ሃኖይ ያንንም አስረሳህ?"

"ይኸው ጣትሽን!"

"ጣቱ የኔ ነው። ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።"

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ግን የተከፈተ አፍና ትኩስ ሳህን ተገናኙ። ግንባሩ እስኪያልበው በላ። መረቁን ግጥም አድርጎ ጠጥቶ ድጋሚ ሲቀርብለትም አላንገራገረም። ንጋም ጉንጯ ቀላ። እማማ ሎክ ቆመው ያዩዋቸዋል፤ ደስታቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም።

ኻይ ቀና አለ። ገበታው ላይ ያለው የሁለት ሰው ሳህን ብቻ ነው።

"አንቺስ? ብዪ እንጂ፣ መንገዱ ረጅም ነው።"

"ለናንተ ነው የሚረዝመው" አሉ። "እኔ እንግዶቼን ሳልሸኝ አልበላም።"

ኻይ መብያ እንጨቶቹን አስቀመጠ። "እንግዳ? እኔ ልጅሽ?"

"ታዲያ ከቤቴ የሚሄደውን ሰው ምን ልበለው?" አሉና ጭልፋውን በግራ እጃቸው አንሥተው ጨመሩለት።